ከሩቅ ሆኖ የቤትን ኮምፒዩተሮች ስለ ማዘዝ

ቤቱን ትቶ ለሥራ ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ሦስት ነገር አለ፤ ይኸውም ቁልፉ በማን እጅ እንደሚቀር፣ በሩን ማን እንደሚጠብቅ፣ እርሱ በሌለበትም ጊዜ ወደ እልፍኙ እንዲገባ ለማን እንደሚፈቀድ ነው። ይህ ልማድ ከአባቶቻችን የቆየና የተመሰገነ ነው። በዛሬው ዘመን ግን ደብዳቤውና ውሉ፣ የቤቱ ካርታ ግልባጭ፣ የልጆቹ ፎቶግራፍና የቤቱ ወጪ ሒሳብ በሣጥን ብቻ ሳይሆን በኮምፒዩተር ውስጥም ተቀምጦ ይገኛልና፣ ለእንጨቱ በር የምናደርገው ጥንቃቄ ለዚህ ለማይታየው በርም ሊደረግለት ይገባል።

ኮምፒዩተር ቀድሞ በአንድ ቤት ቢኖር አንድ ብቻ ነበረ። አሁን ግን ሁለትና ሦስት ያላቸው ባለ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ አንደኛው በአባወራው የጽሕፈት ክፍል፣ ሁለተኛው በልጆች የጥናት ጠረጴዛ፣ ሦስተኛውም ፎቶግራፍና ሰነድ ለማኖር በአንድ ጥግ ይቀመጣል። አባወራው ለመንግሥት ሥራ ወደ ጅማ ወይም ወደ ድሬዳዋ ሄዶ ሳለ አንድ ውል ቢፈልግ፣ ወይም በዋሽንግተን የሚኖር ልጅ በአዲስ አበባ ያለችውን የእናቱን ኮምፒዩተር ሊያቃናላት ቢወድ፣ በፊቱ ተቀምጦ እንደሚሠራ ሰው ሆኖ ከሩቅ ሊያዘው ይችላል። የዚህ ጥበብ ጥቅሙ ታላቅ ነው። ነገር ግን ባለ ቤቱ ከሩቅ የሚገባበት መንገድ ጠባቂ ከሌለው ሌባም የሚገባበት መንገድ ይሆናል።

ስለዚህ የዛሬው ምክራችን በአጭሩ ይህ ነው፤ ኮምፒዩተሮቹ ብዙ ቢሆኑም ከውጭ የሚገባበት በር አንድ ይሁን፤ ቁልፉ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ይሁን፤ ማንም ቢሆን ሳያስታውቅ በሌላው ጠረጴዛ ላይ አይግባ። የቀረው ሁሉ የዚህ ትርጓሜ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

ከውጭ ወደ ቤት መግባት ስለ ምን ያስቸግራል

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላልና አስቀድሞ የነገሩን ሥር ማወቅ ይገባል። በኢንተርኔት የሚላከው ነገር ሁሉ እንደ ደብዳቤ የላኪና የተቀባይ አድራሻ አለበት። ይህ አድራሻ አይፒ ይባላል። በሰፊው የተለመደው ዓይነት በአራት ቁጥሮች ይጻፋል፤ እያንዳንዱም ቁጥር ከ0 እስከ 255 ነው። በዚህ አኳኋን ሊጻፍ የሚችለው አድራሻ ሁሉ 4.3 ቢሊዮን ያህል ነው። ይህም በዓለም ላለው መሣሪያ ሁሉ የማይበቃ ስለ ሆነ፣ የኢንተርኔትን ደንብ የሚጽፉ ሊቃውንት በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ብቻ የሚሠራባቸውን አድራሻዎች ለይተው በ1996 ዓ.ም. በደንብ አጸኑ። በ192.168 የሚጀምሩት አድራሻዎች ከነዚህ ወገን ናቸው። ሳይመደብ የቀረው አዲስ አድራሻም በዓለሙ ዋና መዝገብ ዘንድ በ2011 ዓ.ም. አለቀ።

ከዚህ የተነሣ 192.168.1.10 የሚባል ኮምፒዩተር እጅግ በብዙ ቤቶች ውስጥ ይገኛል። ይህም በየሰፈሩ «ትልቁ ቤት» የሚባል ቤት እንዳለ ማለት ነው፤ የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል፤ ከሌላ አገር የተላከ መልእክተኛ ግን በዚህ ስም ብቻ ሊያገኘው አይችልም። ከውጭ የሚታየው የራውተሩ አድራሻ ብቻ ነው። ራውተር ማለት የኢንተርኔቱን መስመር ተቀብሎ ለቤቱ መሣሪያዎች ሁሉ የሚያድለው ትንሽ ሣጥን ነው። ሥራውም እንደ በረኛ ነው፤ ከቤት ወደ ውጭ የተላከውን ይመዘግባል፤ መልሱም ሲመጣ ለላኪው ያደርሳል፤ ማንም ያልጠራው ነገር ከውጭ ቢመጣ ግን ለማን እንደሚያደርሰው አያውቅምና ሳያስገባ ይተወዋል።

እንግዲህ ከሩቅ መግባት የሚሻ ሰው ይህን በረኛ ማዘዝ አለበት። እንዴት አድርጎ ያዘዋል ቢሉ፤ መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ቶሎ የሚፈጸምና አደጋ ያለበት ነው፤ ሁለተኛው በመጀመሪያ ጥቂት ድካም ጠይቆ ኋላ የሚያሳርፍ ነው።

ግንቡን በየቦታው ስለ መብሳት

በአንድ አድራሻ ላይ በቁጥር የተለዩ 65,535 በሮች አሉ፤ ባለ ሞያዎች ፖርት ይሏቸዋል። እያንዳንዱም ሥራ የታወቀ በር አለው። ለዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች የተሠራው ሪሞት ዴስክቶፕ የሚባለው የሩቅ ማዘዣ በ3389 ይቀበላል፤ በብሪታንያ በካምብሪጅ ከተማ ባለ የምርምር ቤት የተሠራው ቪኤንሲ በ5900 ይቀበላል፤ በጽሕፈት ትእዛዝ ብቻ የሚሠራው ኤስኤስኤችም በ22 ይቀበላል።

አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ያለው ሰው ራውተሩን «በ3389 የመጣውን ሁሉ ለጽሕፈት ክፍሉ ኮምፒዩተር ስጥ» ብሎ ያዘዋል። ኮምፒዩተሮቹ ሦስት ሲሆኑ ግን ችግር ይነሣል፤ በአንድ በር የገባውን በረኛው ከአንድ ኮምፒዩተር በቀር ለሌላ ሊያደርስ አይችልምና። ስለዚህ ብዙ ሰዎች 3389ን ለመጀመሪያው፣ 3390ን ለሁለተኛው፣ 3391ን ለሦስተኛው ይመድባሉ። ይህ ይሠራል፤ እኛም አይሠራም አንልም። ነገር ግን ሦስት ሰዎች ለየራሳቸው መግቢያ ብለው የግቢውን ግንብ በሦስት ቦታ ቢበሱት፣ ያ ቤት ሦስት ዘበኛ ያስፈልገዋል። ከሦስቱ ኮምፒዩተሮች የአንዱ ብቻ የይለፍ ቃል ደካማ ቢሆን ሌባው በእርሱ በኩል ይገባና ከውስጥ ሆኖ ወደ ሁለቱ ይሻገራል።

«ቤቴን ማን ያውቀዋል፤ የበሩንም ቁጥር ለውጬዋለሁ» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። መልሱ ግን የታወቀ ነው። በ2013 ዓ.ም. በአሜሪካ የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዚማፕ የሚባል መሣሪያ ሠርተው፣ በአንድ ኮምፒዩተርና በፈጣን መስመር የዓለሙን የአይፒ አድራሻ ሁሉ አንድ በሩን እያንኳኩ ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መጨረስ እንደሚቻል አሳይተዋል። እነርሱ ይህን ያደረጉት ለምርምር ነው፤ ሌባ ግን ይህንኑ ለሥራው ይጠቀምበታል። የሚያንኳኳው ሰው ሳይሆን መሣሪያ ነውና አይሰለችም፤ የባለ ቤቱንም ስም ማወቅ አያሻውም። ትንሽና ያልታወቀ ቤት ስለ ሆነ የሚታለፍ የለም።

በሩ ጽኑ የይለፍ ቃል ቢኖረውም እንኳ መዝጊያው ራሱ ስንጥቅ ሊኖርበት ይችላል። በ2019 ዓ.ም. በሜይ ወር በቀድሞዎቹ የዊንዶውስ ዓይነቶች ሪሞት ዴስክቶፕ ላይ ብሉኪፕ የተባለ ጉድለት ተገለጠ። በዚህም ጉድለት የይለፍ ቃል ሳያውቅ መግባት የሚቻል ስለ ሆነ፣ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ከብዙ ዘመን በፊት ላቋረጠለት ለዊንዶውስ ኤክስፒ ሳይቀር ማደሻ አወጣ። በ2018 ዓ.ም. መጨረሻም የአሜሪካ መንግሥት የምርመራና የኮምፒዩተር ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች ሳምሳም ስለ ተባለው የወንበዴ መሣሪያ ማስጠንቀቂያ ሲያወጡ፣ ወንበዴዎቹ በዚሁ በሪሞት ዴስክቶፕ በኩል ይገቡ እንደ ነበረ አስታውቀዋል። እንዲህ ያሉት ወንበዴዎች ገብተው ዕቃ አይወስዱም፤ የቤቱን ሰነድና ፎቶግራፍ ሁሉ በማይነበብ ምስጢር ቈልፈው መክፈቻውን በገንዘብ ይሸጣሉ። የሠላሳ ዓመት ፎቶግራፍ በአንድ ሌሊት ከተቈለፈ በኋላ በሩን መዝጋት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለት ይሆናል።

ስለ አንዱ በር

ሁለተኛው መንገድ ይህ ነው። ግንቡ በየቦታው መበሳቱ ቀርቶ አንድ ጽኑ በር ብቻ ይደረግበታል፤ በዚያ በር ያለፈ ሰው በቤቱ ውስጥ እንደ ተቀመጠ ይቈጠራል፤ ከዚያም ወዲያ ኮምፒዩተሮቹን ሁሉ በቤት አድራሻቸው ይጠራቸዋል። ይህን መንገድ ቪፒኤን ይሉታል። በኢንተርኔት ውስጥ የተሠራ የተሸፈነ ጎዳና ማለት ነው፤ የሚያልፍበት ነገር ሁሉ በምስጢር ጽሕፈት ተለውጦ ያልፋልና በመካከል ያለ ሰው ሊያነበው አይችልም። ኮምፒዩተሮቹ ሦስት ቢሆኑ ወይም ዐሥር ቢሆኑ በሩ ያው አንድ ነው።

ይህን ለመሥራት የተዘጋጁት ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው። ኦፕንቪፒኤን ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ያለና የተፈተነ ነው። ከእርሱ በኋላ የመጣውና ለቤት እጅግ የሚስማማው ጄሰን ዶነንፌልድ የሠራው ዋየርጋርድ ነው፤ በ2020 ዓ.ም. ሊኑክስ ከሚባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት ጋር አብሮ እንዲወጣ ሆኗል። ምስጋናውም በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፤ ጽሑፉ አጭር ስለ ሆነ ሊቃውንት መርምረው ሊጨርሱት ይችላሉ። ሁለተኛ፤ ቁልፍ የሌለው ሰው ቢያንኳኳ ጨርሶ አይመልስለትም። «አትገባም» ብሎ የሚመልስ በረኛ ቤቱ በዚያ እንዳለ ያስታውቃል፤ ዝም የሚል በረኛ ግን በሩ መኖሩን እንኳ አያስታውቅም።

ቁልፉም እንደ ይለፍ ቃል በአፍ የሚነገር አይደለም። እያንዳንዱ መሣሪያ ሁለት የተጣመሩ ቁልፎች ለራሱ ያዘጋጃል፤ አንደኛው ምስጢር ነው፤ ሁለተኛው ግልጥ ነው። ምስጢሩ ከመሣሪያው አይወጣም፤ ግልጡ ግን በበሩ መዝገብ ይጻፋል። ማኅተም በባለ ቤቱ እጅ ሲኖር የማኅተሙ ምልክት ግን በየመሥሪያ ቤቱ እንደሚታወቅ ዓይነት ነው። የይለፍ ቃል በመንገድ ሊሰረቅ መቻሉ ከጥንት የታወቀ ነው፤ በ1995 ዓ.ም. በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ታቱ ዩሎነን ኤስኤስኤችን ሊሠራ የተነሣው፣ በዩኒቨርሲቲው መስመር ላይ የይለፍ ቃሎች በሌቦች በመጠለፋቸው ምክንያት ነበር።

የአሠራሩ ተራ

1ኛ፤ ለኮምፒዩተሮቹ ስምና ቋሚ አድራሻ ይሰጣቸው። ራውተር አድራሻ የሚያድለው እንደ አመጣጣቸው ስለ ሆነ፣ ዛሬ 10 የተባለው ነገ 14 ሊባል ይችላል። ስለዚህ በራውተሩ መዝገብ ላይ ለእያንዳንዱ ኮምፒዩተር የማይለወጥ ቁጥር ይጻፍለት፤ በደብተርም ላይ ስሙ፣ ቁጥሩና የሚሠራበት ሰው ይመዝገብ።

2ኛ፤ የቤቱ መረብ ቁጥር ከተለመደው የተለየ ይሁን። ብዙ ራውተር ከፋብሪካው 192.168.0 ወይም 192.168.1 ተብሎ ይመጣል። ባለ ቤቱ ያደረበት ሆቴል በዚሁ ቁጥር የሚሠራ ቢሆን፣ የያዘው ኮምፒዩተር የቤቱን ኮምፒዩተር በሆቴሉ ውስጥ ሲፈልግ ይውላል። ስለዚህ ለምሳሌ 192.168.47 ቢባል ይሻላል፤ የጽሕፈት ክፍሉ 192.168.47.10፣ የልጆቹ 192.168.47.11፣ የፎቶግራፉ ማኖሪያ 192.168.47.12 ይሆናሉ።

3ኛ፤ በረኛ የሚሆን መሣሪያ ይመረጥ። ራውተሩ ራሱ ዋየርጋርድን ወይም ኦፕንቪፒኤንን የሚያውቅ ከሆነ ይበቃል። የማያውቅ ከሆነ ራስፕቤሪ ፓይን የመሰለ፣ ጥቂት ኤሌክትሪክ ብቻ የሚፈጅ ትንሽ ኮምፒዩተር ቀንና ሌሊት በርቶ እንዲቀመጥ ይደረጋል። ይህም መሣሪያ የተቀበለውን ወደ ሌሎቹ እንዲያሳልፍ መፈቀድ አለበት፤ ይህ ካልተፈቀደ እንግዳው እስከ በሩ ደርሶ ከደጅ ይቀራል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ራሱን የሚያበራ መሆኑም አስቀድሞ ይፈተን።

4ኛ፤ ለእያንዳንዱ ሰው መሣሪያ የየራሱ ቁልፍ ይዘጋጅ። የአባወራው ስልክ አንድ፣ የእመቤቲቱ ስልክ አንድ፣ በውጭ አገር ያለው ልጅ ኮምፒዩተር አንድ ይኖረዋል። አንድ ቁልፍ ለሁሉ ማካፈል አይገባም፤ አንዱ ስልኩን ቢጥል የሁሉም ቁልፍ መለወጥ ግድ ይሆናልና። በእያንዳንዱም መሣሪያ ላይ «ወደ 192.168.47 የሚሄደው ሁሉ በዚህ ጎዳና ይለፍ» ተብሎ ይጻፋል።

5ኛ፤ በራውተሩ ላይ አንዱ በር ብቻ ይከፈት። ዋየርጋርድ በተለመደው የሚቀበለው በዩዲፒ ወገን በ51820 ስለ ሆነ፣ ይህ ብቻ ወደ በረኛው መሣሪያ ይመራ። ቀድሞ የተከፈቱት 3389ና እርሱን የመሰሉት ሁሉ ይዘጉ። ዩፒኤንፒ የሚባለው ልማድም ይጥፋ፤ እርሱ በቤት ያለ ማናቸውም መሣሪያ ጌታውን ሳይጠይቅ በር እንዲያስከፍት የሚፈቅድ ነውና።

6ኛ፤ የራውተሩ የውጭ አድራሻ በየጊዜው የሚለወጥ ከሆነ በስም ይተካ። ዳይናሚክ ዲኤንኤስ የሚባለው አገልግሎት አዲሱን ቁጥር እየተከታተለ ከአንድ ስም ጋር ያያይዘዋል፤ ባለ ቤቱም ስሙን ብቻ ይጠራል።

7ኛ፤ ኮምፒዩተሮቹ የሩቅ እንግዳን ለመቀበል ይዘጋጁ። በዊንዶውስ ፕሮ ሪሞት ዴስክቶፕ አብሮ አለ፤ ዊንዶውስ ሆም ግን በሪሞት ዴስክቶፕ ሌላውን ለማዘዝ እንጂ ለመታዘዝ አልተፈቀደለትምና ቪኤንሲን የመሰለ ሌላ ፕሮግራም ይጫንበታል። የማክ ኮምፒዩተር የራሱ የስክሪን ማጋሪያ አለው። የተኛ ኮምፒዩተር ግን ለማንም አይመልስም። እርሱን ለመቀስቀስ ዌክ ኦን ላን የሚባል ብልሃት አለ፤ መልእክቱ 102 ባይት ብቻ ነው፤ ይኸውም 6 የመጥሪያ ባይቶችና የኮምፒዩተሩ የብረት አድራሻ 16 ጊዜ ተደጋግሞ ነው። ይህ መልእክት እንደ ልማዱ ከራውተር ውጭ ስለማይሻገር ከውስጥ ሆኖ የሚልከው ሁልጊዜ የሚነቃው በረኛው መሣሪያ ነው።

8ኛ፤ ሁሉም ከውጭ ይፈተን። በቤቱ ዋይፋይ ላይ ተቀምጦ መፈተን ከእልፍኝ ሳይወጡ የደጁን በር ጥበቃ እንደ መመርመር ነው። ዋይፋዩን ዘግቶ በስልክ ዳታ መሞከር ይገባል፤ ይህም ከጉዞው በፊት እንጂ በጉዞው ላይ አይሁን።

በረኛው ሁለት የሆነ እንደ ሆነ

አንዳንድ ጊዜ ሁሉ በሚገባ ተሠርቶ ሳለ ከውጭ መግባት አይቻልም። ምክንያቱ ምንድር ነው ቢሉ፤ አድራሻ ስላነሰ አንዳንድ የቴሌኮም ድርጅቶች ብዙ ቤቶችን በአንድ የውጭ አድራሻ ሥር ያኖራሉ። ለዚህም ሥራ ከ100.64.0.0 እስከ 100.127.255.255 ያሉት አድራሻዎች በ2012 ዓ.ም. ተመድበዋል። ራውተሩ የእኔ ነው የሚለው የውጭ አድራሻ በዚህ ክልል ውስጥ ቢገኝ፣ ወይም ከውጭ ሲታይ ከሚታወቀው አድራሻ ጋር ባይስማማ፣ ከቤቱ በረኛ ወዲያ እኛ የማናዘው ሌላ በረኛ አለ ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ መፍትሔው ሁለቱም ወገኖች ወደ ውጭ ወጥተው መገናኘታቸው ነው። ቴይልስኬልና ዚሮቲየር የሚባሉት አገልግሎቶች ይህን ያደርጋሉ፤ የቤቱም መሣሪያ የሩቁም መሣሪያ በየበኩላቸው ወደ ውጭ ይጠሩና አስታራቂው ያገናኛቸዋል፤ የሚላከውም ነገር በምስጢር ጽሕፈት እንደ ተሸፈነ ያልፋል። ቴይልስኬል በውስጡ የሚሠራው በዋየርጋርድ ነው። በቤት ውስጥ ባለው በአንዱ መሣሪያ በኩል የቤቱን ኮምፒዩተሮች ሁሉ እንዲያደርስ ማዘዝም ይቻላል። ነገር ግን በእንዲህ ያለው አገልግሎት ዋናው ቁልፍ የሚገባበት አካውንት ነው፤ ስለዚህ አካውንቱ ጽኑ የይለፍ ቃልና ሁለተኛ ማረጋገጫ ሊኖረው ግድ ነው።

ስለ ቤተ ሰቡ ሥርዓት

እስከዚህ የተናገርነው ስለ ብረቱና ስለ ጽሕፈቱ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ግን የሰው ሥርዓት ነው፤ ቤት የሚፈርሰው በሌባ ብቻ ሳይሆን በቤተ ሰብ መካከል በሚገባ ጥርጣሬም ነውና።

ከሩቅ የማዘዝ ሥልጣን ያለው ሰው ኮምፒዩተሩን ሲከፍት የሌላውን ደብዳቤ ሊያይ ይችላል። በሪሞት ዴስክቶፕ በተመሳሳይ አካውንት ሲገባ በቤት ያለው ሰው ስክሪን ይዘጋበታል፤ በቪኤንሲ ሲገባ ደግሞ ሁለቱ በአንድ ጊዜ አንድ ስክሪን ያያሉ፤ በቤት ያለችው እመቤትም ቀስቱ በራሱ ሲንቀሳቀስ አይታ ልትደነግጥ ትችላለች። ስለዚህ ልጅ እንኳ ቢሆን አስቀድሞ በስልክ «እማዬ፤ ዛሬ ማታ ወደ ኮምፒዩተርዎ ልገባ ነውና ይፈቅዱልኛል?» ብሎ ይጠይቅ፤ ሲወጣም «ጨርሻለሁ፤ ይህን ይህን አድርጌአለሁ» ብሎ ያስታውቅ። ባል የሚስቱን፣ ሚስትም የባሏን ጽሕፈት ለመመርመር በዚህ መንገድ መግባት ጥበብ ሳይሆን ቤትን ማፍረስ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን አካውንት መስጠት ይህን ፈተና ያቀልላል፤ ልጆችም የሥርዓቱን ዋና ክፍል ሊለውጡ የማይችሉበት አካውንት ይሰጣቸው።

የቁልፍም መዝገብ ይኑር። በመዝገቡ ላይ ቁልፉ የተሰጠው ሰው ስም፣ የመሣሪያው ዓይነት፣ የተሰጠበትና የተሰረዘበት ቀን ይጻፍ። ስልኩ የጠፋበት ሰው በዚያው ቀን ቁልፉ ይሰረዝ። ይልቁንም ይህ ነገር እንዳይዘነጋ፤ መረቡን ሊሠራ የመጣው ባለ ሞያ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ቁልፉ ከእርሱ ጋር አይሂድ። ሰውየው ታማኝ ቢሆንም እንኳ እንዲህ ማድረግ ለእርሱም መልካም ነው፤ ኋላ አንድ ነገር ቢጠፋ ከጥርጣሬ ነጻ ይሆናልና። የራውተሩም የፋብሪካ የይለፍ ቃል በባለ ቤቱ እጅ ይለወጥ።

ሌላም ተንኮል አለ፤ በሩን ሳይሰብር በባለ ቤቱ እጅ የሚያስከፍት ሌባ አለ። ይህ ሰው ስልክ ይደውልና «ከባንክ ነኝ» ወይም «ከቴሌኮም ነኝ፤ ኮምፒዩተርዎ ታሟል» ይላል፤ ቀጥሎም እንደ ኤኒዴስክና ቲምቪወር ያለ በራሱ ነውር የሌለበት የሩቅ ማዘዣ እንዲጫን ያደርግና በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ቁጥር ንገሩኝ ይላል። ቁጥሩን የነገረው ሰው ቤቱን አስረከበው። ስለዚህ በቤት ያሉ ሁሉ፣ ይልቁንም ሽማግሌዎችና ወይዛዝርት፣ አንድ ደንብ ይያዙ፤ እነርሱ ሳይጠሩት የደወለን ሰው ከቶ ወደ ኮምፒዩተራቸው አያስገቡት። እውነተኛ መሥሪያ ቤት ከሆነ፣ ስልኩን ዘግቶ በታወቀው የመሥሪያ ቤቱ ቁጥር መልሶ መጠየቅ ይቻላል።

ስለ ማደሻና ስለ ግልባጭ

ጽኑ በርም ካልታደሰ ይበሰብሳል። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» እንደሚባል፣ የራውተሩ፣ የበረኛው መሣሪያና የኮምፒዩተሮቹ ማደሻ በወጣ ጊዜ ሳይዘገይ ይጫን። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በ2025 ዓ.ም. በኦክቶበር ወር አብቅቷልና፣ ተጨማሪ የጥበቃ ማደሻ ሳይኖረው በእርሱ የሚሠራ ኮምፒዩተር ወደ አዲሱ ይዛወር፤ ካልሆነም ከሩቅ መግቢያው ይገለል።

ከሁሉም በኋላ የሰነዱና የፎቶግራፉ ግልባጭ በሌላ ዕቃ ላይ ይቀመጥ፤ ያም ዕቃ ሲገለበጥበት ብቻ እንጂ ሁልጊዜ ከኮምፒዩተሩ ጋር ተያይዞ አይኑር። የተያያዘ ግልባጭ ወንበዴው በገባ ጊዜ ከዋናው ጋር አብሮ ይቈለፋልና። በመሥሪያ ቤት አንድ ደብዳቤ ሲወጣ ግልባጩ በሌላ መዝገብ እንዲቀር የተደረገበት ምክንያት ይኸው ነው።

እንግዲህ ክቡር አንባቢ ሆይ፤ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን መፈጸም ግድ አይደለም። ዛሬ ማታ የሚደረገው ቀላል ነው፤ የራውተሩን መዝገብ ከፍቶ ከውጭ ወደ ቤት የተከፈቱትን በሮች መቍጠርና ለእያንዳንዱ «ይህን ማን ከፈተው፤ ለማንስ ተከፈተ» ብሎ መጠየቅ ነው። መልስ ያልተገኘለት በር ይዘጋ። ከዚያ በኋላ አንዱን በር በደኅና ማቆም፣ ቁልፉንም በስም መስጠት ይከተላል። በሩን ቈጥሮ የሚያውቅ ባለ ቤት በሩቅ አገር ሳለ በሰላም ያድራል፤ በቤት የቀሩትም ከሩቅ የሚመጣው የራሳቸው ሰው ብቻ እንደ ሆነ አውቀው ያለ ፍርሃት ይሠራሉ።